ጋሼ ተፈራ ስቲምፓንክ ያነበቡ ሰሞን

ሰው ስለ እኔ «አንባቢ ነው» ሲል ዝም ማለቴ ነው ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብኝ። የምኖረው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ነው፤ የምሠራው ሁርሊንግሃም። በመሀል የቲካ መንገድ አለ። የቲካን መንገድ የጠዋት መጨናነቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ አያሳውቃችሁ። ታዲያ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወሬ እንዳይጀምረኝ አንድ መጽሐፍ ገልጬ ፊቴ ላይ እደቅናለሁ፤ ከዚያ ከኋላው ተከልዬ እተኛለሁ። መጽሐፉ ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው። ሽፋኑ ተልጦ ርዕሱ ስለጠፋ ማንም አያውቅብኝም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ስለ ምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ከማታቱ ወርጄ፣ መጽሐፉን በብብቴ ሸጉጬ፣ ዓይኔ በእንቅልፍ ደም መስሎ ሥራ ቦታ ስገባ ያዩኝ ሁሉ «ይሄ ሰው በንባብ ዓይኑን ሊያጠፋ ነው» ይላሉ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ፈገግ እላለሁ።

ሥራ ቦታ ያልኩት የጋሼ ተፈራን ምግብ ቤት ነው። ጋሼ ተፈራ የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። እኔ ዕቃ ገዢያቸው ነኝ፤ ሽንኩርት በለው፣ ዘይት በለው፣ ከሰል በለው፣ የጎደለ ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚመጣው። ጋሼ ቁመታቸው የበሩን ጉበን የሚነካ፣ ድምፃቸው ከነጎድጓድ የተቀዳ ሰው ናቸው። ለደንበኛው ሁሉ የሚሆን ቃል አያጡም። ያዘነውን ያጽናናሉ፣ የተጣላውን ያስታርቃሉ፣ ሒሳብ ሳይከፍል ሊወጣ ያሰበውን በአንድ ሳል ይመልሳሉ። ቃል የሚያጥራቸው አንድ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ ልጃቸው ሜሮን ፊት።

ሜሮን ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች፣ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም። ግን ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጀምራ፣ በእንግሊዝኛ አሳልፋ፣ በስዋሂሊ ነው የምትጨርሰው። አባቷ የመጀመሪያዋን ቃል ይዘው ይቀራሉ። ለዓመታት ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም፤ በመሀላቸው እህቴ ነበረቻ! «ልጅህ እንዲህ ማለቷ ነው፣ አባትሽ እንዲያ ማለቱ ነው» እያለች ስታቀባብል ኖረች። የእናታችን እግር ሲሰበር ግን እህቴ ልታስታምም አዲስ አበባ ሄደች። የአሮጊት እግር ደግሞ ቶሎ አይጠገንም። ላቪንግተን ያለው ሰፊ ቤታቸው ውስጥ አባትና ልጅ ብቻቸውን ተፋጠጡ።

በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ ምሳ ጠሩኝና ሄድኩ። ተቀመጥን። «ጨው አቀብይኝ» አሉ ጋሼ። አቀበለቻቸው። እንግዲህ የዚያ ቀን ጨዋታ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ የሹካ ድምፅ ነበር። እኔ ሐኪም ጨው የከለከለኝ ሰው፣ ዝምታው ሊያፍነኝ ሲል፣ ትንሽ ወሬ እንዲኖር ብዬ ጨው ለመንኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ጋሼ አንድ ጠዋት ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ሆነው በጣታቸው የጠሩኝ።

«ና እስቲ። አንተ አንባቢ ነህ አይደል?»

«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» አልኩ ሽንኩርቱን አስቀምጬ።

«ስቲምፓንክ ምንድን ነው?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን የዕውቀት አድርገው ወሰዱት።

«ልጅቷ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ትምህርት ቤቴ ቦርዲንግ ልግባ አለችኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የእሳቸው ዝቅ ያለ ድምፅ ማድ ቤት ድረስ ይሰማል። «አዳሪ ልትሆን! ቤቷ እዚህ፣ አባቷ እዚህ! ለምን ብላት ‹ናትንግ› አለችኝ። ከዚያ ክፍሏ ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ስቲምፓንክ ትላለች፣ ሳይበርፓንክ ትላለች፣ ትስቃለች። እናቷ ከሄደች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ምንድን ነው ይሄ ነገር? ሃይማኖት ነው?»

እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። አጭር ቃል ናት፣ ነፃ ናት፣ ማንንም አትጎዳም። እኔ ግን አንባቢ ነኛ! ስለዚህ ማሰብ ጀመርኩ። ፓንክን አውቀዋለሁ፤ በልጅነታችን አዲስ አበባ ጎረምሳው ሁሉ ጸጉሩን እንደ አውራ ዶሮ ኩክኒ የሚያቆመው ቁርጥ ነው። ስቲምንም አውቀዋለሁ፤ ሴቶች ጸጉር ቤት ገብተው ያን ባልዲ የመሰለ ነገር ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው በእንፋሎት የሚታጠኑት ነው። ሁለቱን ደመርኳቸው።

«ጋሼ፣ የጸጉር ነገር ነው» አልኩ። «ስቲምፓንክ ማለት በእንፋሎት የሚቆም ፓንክ ነው። ሳይበርፓንክ ደግሞ ያው... በኮምፒውተር የሚቆም።»

ጋሼ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። የሜሮን ጸጉር የእናቷን የመሰለ፣ ወገቧን የሚነካ ነው። «ለዚህ ነዋ አዳሪ ልሁን ያለችው» አሉ። «ከዓይኔ ርቃ ልትላጨው ነው።»

በዚያው ምሽት እራት ላይ የሆነውን የሰማሁት በማግስቱ ነው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ጸጉር ንግግር አደረጉ። ጸጉር የእግዜር ስጦታ መሆኑን፣ እናቷ ጸጉሯን እንዴት እንደምትንከባከብ፣ በኮምፒውተር የቆመ ጸጉር ዝናብ ሲነካው ምን ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ዘርዝረው አስረዱ። ልጅቷ ማንኪያዋን አየር ላይ ይዛ አዳመጠች። በመጨረሻ «አባዬ፣ ስቲምፓንክ እኮ መጽሐፍ ነው። ኤንድ ፊልም። ሁ ኢዝ ቴሊንግ ዩ ዚስ?» ብላ ተነስታ ክፍሏ ገባች። የሳቀች መስሏቸው ሊደሰቱ ሲሉ በሩ ተቆለፈ።

«መጽሐፍ ነው አለችኝ!» አሉኝ ጠዋት። «ጸጉር የምትል አንተ!»

«ድሮ ጸጉር ነበር፤ አሁን መጽሐፍ ሆኖ ይሆናል» አልኩ። ሰው አንዴ አዋቂ ከሆነ ወዲያ መውረጃው ከባድ ነው።

ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበራቸው ላይ ጋደል ብለው «መጽሐፍ ከሆነማ ይነበባል» አሉ። «የሚነበበውንም የሚታየውንም አንተ ምረጥልኝ። አንብቤ አናግራታለሁ። ቦርዲንግ ሳትገባብኝ።»

በመጀመሪያ የሄድኩት ሳይበር ነው። ናይሮቢ ውስጥ «ሳይበር» ማለት ኢንተርኔት ቤት ነው፤ ወረቀት ፕሪንት የሚደረግበት፣ የመንግሥት ጉዳይ ሁሉ በኮምፒውተር የሚሞላበት። ሳይበርፓንክን የሚያውቅ ሰው ካለ መቼም ሳይበር ውስጥ ነው መገኘት ያለበት ብዬ ካሳራኒ ቤቴ ሥር ወዳለችው ገባሁ። ባለቤቷ ዋንጂሩ የምትባል፣ ሰው ሳይጨርስ የምትረዳ ፈጣን ሴት ናት። ፈጣንነቷ ነው የበደለን።

«ሳይበርፓንክ ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«ሳይበር ይኸው» አለች። «ፓንኩ ምንድን ነው? ስካን ነው ፕሪንት?»

«ስቲምም አለበት።»

ፊቷ በራ። ስዋሂሊ ኤሌክትሪክን «ስቲማ» ነው የሚለው። «አሃ፣ ስቲማ! ቶከን ልትሞላ ነዋ! የቆጣሪህን ቁጥር ንገረኝ!»

ላስረዳት አፌን ስከፍት ቤቴ መብራት ሊያልቅ እንደነበር ትዝ አለኝ። ቁጥሩን ነገርኳት። ከዚያ «ፊትህ ዛሬ ጥሩ ነው፣ ፓስፖርት ፎቶ አንሺኝ አትልም?» አለችኝ። ፊትህ ጥሩ ነው ያለኝ ሰው ካገኘሁ ስለቆየሁ ተነሳሁ። ሳይበርፓንክ ፍለጋ የወጣሁ ሰው መብራት ሞልቼ፣ ፎቶ ተነስቼ ተመለስኩ።

በማግስቱ መሀል ከተማ ወረድኩ። እግረኛ መንገድ ላይ ላስቲክ አንጥፈው ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጡ አሉ፤ ከእነሱ አንዱን ካማውን አውቀዋለሁ። ለማታቱ መተኛዬ ያን ሽፋን የለሽ መጽሐፍ የሸጠልኝ እሱ ነው።

«ስቲምፓንክ አለህ?»

«ምን የሌለ አለ!» ብሎ ክምሩ ውስጥ እስከ ትከሻው ገባና ሁለት መጽሐፍ ይዞ ወጣ። አንደኛው ቀጭን ነው፤ ሽፋኑ ላይ የብየዳ መነጽር ያደረገች ሴት በነሐስ በተሠራች መርከብ ደመና ላይ ትሄዳለች። ሁለተኛው ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው፤ ላዩ ላይ እንፋሎት የሚተፋ ትልቅ የብረት በርሜል አለበት። መርከብ ደመና ላይ አይሄድም፤ ስለዚህ ቀጭኑ የሕፃናት ነው ብዬ ደመደምኩ። ወፍራሙን አገላብጬ አየሁት፤ «ስቲም» የሚለው ቃል በየገጹ አለ።

«ይሄ እንዴት ነው?»

«በዚህ ነገር ላይ ከዚህ የሚበልጥ አልተጻፈም» አለ ካማው። አልዋሸም። ስለ ቦይለር ጥገና ከዚያ የሚበልጥ የተጻፈ አይመስለኝም።

ጋሼ መጽሐፉን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው ከፍተው፣ በእስክሪብቶ እያሰመሩ ማንበብ ያዙ። ደንበኛ ሲከፍል «አንዴ፣ አንዴ፣ ይቺን ልጨርስ» ይላሉ።

«እንዴት አገኙት?» አልኳቸው።

«ጥሩ ጸሐፊ ነው» አሉ። «ነገር አያወሳስብም። እስካሁን አንድም ሰው አላስገባም እንጂ።»

«ሰዎቹ በኋላ ይመጣሉ» አልኩ።

«ግን ልብ ይሰቅላል። ሴፍቲ ቫልቭ ካልተፈተሸ ምን እንደሚከተል ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን አወቁና እንቅልፍ አጡ። ምግብ ቤታችን ውስጥ ያለው የማኪያቶ ማሽን እንፋሎት አለው፣ እንፋሎት ግፊት አለው፣ ግፊት ቫልቭ ይፈልጋል። ማሽኑን ቆልፈው «ሳይፈተሽ አይነካም» ብለው አወጁ። የመጀመሪያው ተጎጂ ሐጂ ኑሪ ሆኑ። ሐጂ ኑሪ ኢስሊ ጨርቅ የሚነግዱ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሥጋችንን ባይበሉም ሽሯችንንና ማኪያቷችንን ፈልገው ከተማውን አቋርጠው ይመጣሉ።

«ተፈራ፣ ማኪያቶ ምን አደረገችህ?» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ልትፈነዳ ትችላለች።»

ሐጂ ወንበራቸውን ከማሽኑ ራቅ አደረጉ። ያን ሳምንት ሁርሊንግሃም ውስጥ ማኪያቶ የፈለገ ሐበሻ ሁሉ ጎረቤት ሄደ።

ጋሼ አሁን ዝግጁ ነበሩ። አንድ ምሽት እራት ላይ «ሜሪ፣ ስቲምፓንክሽን እያነበብኩ ነው» አሏት። ልጅቷ ቀና አለች። ዓይኗ ተከፈተ።

«ሪሊ? የቱን?»

«የቫልቩን» አሉ ጋሼ። «ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ ጊዜ ሲከፈት አይገርምሽም?»

ሜሮን መጽሐፉን እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። ገለጠችው። የተሰመረበትን አየች፣ በዳሩ ላይ አባቷ በአማርኛ የጻፉትን ማስታወሻ አየች። ቀስ ብላ ዘግታ መለሰችላቸውና ክፍሏ ገብታ ለእኔ ደወለች።

«አንክል፣ አባዬ ደህና ነው? የቦይለር ማኑዋል እያነበበ እኮ ነው። ሂ ኢዝ አንደርላይኒንግ!»

ከትምህርት ቤቷ ብዙ የማይርቅ ጁስ ቤት ቀጠረችኝ። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ እንደ መርማሪ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ስለ ጸጉሩም፣ ስለ ሳይበሩም፣ ስለ ወፍራሙ መጽሐፍም ሁሉን አወጣሁላት። የስቲማው ላይ ስደርስ ጁሷ በአፍንጫዋ ወጣ። ሳቋ ሲያልፍ ግን ጁሱን በገለባው ማማሰል ጀመረች።

«ዋይ ግን? ለምንድን ነው የሚያነበው?»

«አንቺን ሊያናግር።»

«ለምን አይጠይቀኝም?»

«አባትሽ መጠየቅ አይችልበትም።»

«እና አንተ?»

«እኔ ሳላውቅ የምመልስ ነኝ።»

በዚህ ተስማማን። ከዚያ «እሺ፣ አሁን ጠይቀኝ» አለች። ጠየቅኋት። በሕይወቴ የጠየቅሁት ምርጥ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም፤ ልጅቷ ተለወጠች። እጇ ይንቀሳቀሳል፣ ቅንድቧ ይንቀሳቀሳል፣ ገለባው ጠረጴዛው ላይ ይበራል። ስቲምፓንክ፣ አለችኝ፣ ኤሌክትሪክ ባይመጣ ኖሮ ብለህ አስብ። ዓለም ሁሉ በእንፋሎትና በጥርስ በጥርስ በሚሽከረከር ነሐስ ይሠራል፤ ሰው በፊኛ መርከብ ይበራል፣ ልብሱ የድሮ ነው፣ ማሽኑ ግን ማንም አይቶት የማያውቅ። ሳይበርፓንክ ደግሞ ገና ያልመጣው ነው፤ ማሽኑ ሰው ገላ ውስጥ ገብቷል፣ ከተማው በመብራት ያብረቀርቃል፣ ሁሉ ነገር የጥቂት ኩባንያዎች ነው፣ ድሃው ግን ያው ድሃ ነው፣ ሁልጊዜም ይዘንባል።

«ለምን ይዘንባል?»

«ዛት ኢዝ ዘ ሩል» አለች።

ለጀማሪ ምን እንደሚሻልም ነገረችኝ። ወፍራም አትጀምር፤ መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ አንብብ። ማየትም ከካርቱኑ ይጀመራል፤ ለልጅ የተሠራ እንዳይመስልህ፣ ጃፓኖቹ ትልቅ ሰው የሚያስለቅስ ይሠራሉ። ማንበብ ስትጀምር አጫጭሩን አንብብ፤ የአፍሪካ ልጆች የሚጽፉት አለ፣ ከሞምባሳ የሚመጣው የድሮ ባቡር ሐዲዱን ጥሎ ሲበር የሚያሳይ አለ። ስም የወጣላቸውን ትልልቆቹን በኋላ፤ ቋንቋቸው ከባድ ነው፣ ትተዋቸዋለህ፣ ከዚያ ሁሉንም ትጠላለህ። ደግሞም የሚያምር ማሽን ብቻ ያለበትን አትምረጥ፤ ማሽኑ የጎዳው ሰው ያለበትን ምረጥ።

«ለአባትሽስ የቱን ትመርጪለታለሽ?»

አሰበች። «አንድ ፊልም አለኝ። ሴትየዋ ሚሞሪዋን የሸጠች» አለች። «ባት ሂ ዎንት ሲት ስቲል።»

ልትነሳ ስትል ስለ ቦርዲንጉ ጠየቅኋት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆመች። «ቤቱ ጸጥ ይላል፣ አንክል» አለች። ይህን በሙሉ አማርኛ ነው የተናገረችው። «እማዬ ከሄደች ጀምሮ ሁለታችንም ሰዓቱን ነው የምንሰማው። ቦርዲንግ ቢያንስ ጫጫታ አለ።»

ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ማታቱ ጣሪያው በሐምራዊ መብራት የተጥለቀለቀ፣ በየወንበሩ ጀርባ ስክሪን ያለው፣ ሙዚቃው አንጀት የሚያናውጥ ነበር። ኮንዳ የሚሉት ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ በስልኩ ሒሳብ ይሰበስባል። አጠገቤ አንዲት እናት ጎመን በጆንያ ታቅፈዋል። መንገዱ ጉድጓድ ነው፣ ውጪ ይዘንባል። ያን ቀን አልተኛሁም። መጽሐፌን ዘግቼ ካሳራኒ ድረስ ዙሪያዬን ሳይ ሄድኩ።

ፊልሙን ቅዳሜ ከሰዓት ምግብ ቤቱ ውስጥ ለማሳየት ወሰንኩ። ቤታቸው ቢሆን ዝምታው ያሸንፈናል ብዬ ነው። ሜሮን ፊልሙን በፍላሽ ይዛ መጣች፤ ሰጥታኝ ልትሄድ ስትል ዝናቡን ጣለውና ጥጉ ላይ ካለው ወንበር ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። በትልቁ ቴሌቪዥን ኳስ እየታየ ነበር። ጋሼ «ቀይረው!» ሲሉ ቤቱ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ያዳኑን ሐጂ ኑሪ ናቸው፤ ቡድናቸው እየተሸነፈ ስለነበር «ኳስ ሁልጊዜ አለ፣ የሰው ፊልም እንይ» አሉ።

ፊልሙ ጀመረ። ዝናብ። የሚያብረቀርቅ ከተማ። ጋሼ ልክ ቤተ ክርስቲያን እንዳሉ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ባለታሪኳ አንዲት ወጣት ናት፤ ቸግሯት የእናቷን ድምፅ ትዝታ ለአንድ ኩባንያ ሸጣለች። ከጭንቅላቷ ውስጥ ቀድተው ወስደውታል። እናቷ ሞታለች፤ ልጅቷ ቪዲዮዋን ታያለች፣ ድምፁ ግን የለም፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያታል። አሁን ልትሰርቀው ወደ ኩባንያው ግምጃ ቤት ትገባለች።

«ድምፅ እንዴት ይሸጣል?» አሉ ጋሼ ማንንም ሳያዩ።

«የማይሸጥ ምን አለ» አሉ ሐጂ። «ግን ዋጋው ላይ ተታላለች።»

አስተናጋጇ ትሪዋን ይዛ ቆመች። የበዪ እጅ ሳህን ላይ ቀረ። ልጅቷ በመጨረሻ ግምጃ ቤቱን ከፈተች፤ ውስጡ ጣሪያ ድረስ የተደረደረ የሰው ድምፅ ነው። አንድ ኮፍያ የመሰለ ነገር ራሷ ላይ አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንድ ድምፅ ሊሰማ ሲል መብራት ጠፋ።

የፊልሙ መስሎን ትንሽ ጠበቅን። ከማድ ቤት «ስቲማ የለም!» የሚል ድምፅ መጣ። ያኔ የተነሳውን ጩኸት ኳሱ ሲቀየር ከነበረው ጋር አታወዳድሩት። ሐጂ ኑሪ ጠረጴዛ መቱ። አንዱ ጀነሬተሩስ አለ፤ ጀነሬተሩን ጋሼ ግፊቱን ፈርተው እንዳይነካ አድርገውት ነበር። ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ፤ አዘጋጁ እኔ ነኛ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ደንገጥ ያለ ነበር። ወደ ጥጉ ዞሩ። «ሜሪ። አንቺ አይተሽዋል። ምን ሆነች?»

በሕይወቴ ጋሼ ተፈራ ልጃቸውን መልሱን የማያውቁትን ነገር ሲጠይቁ ያየሁት ያኔ ነው።

ሜሮን ስልኳን አስቀመጠች። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። በመስኮቱ በሚገባው ግራጫ ብርሃን ፊቷ ሲቀላ ይታያል። «ኦኬ» አለች። «ልጅቷ... ብዙ ቮይስ ነው ያለው። ሁሉም እናት ናቸው። ሁሉም ይጠሯታል። እና እሷ... ሺ ካንት... እንትን፣ ሬኮግናይዝ...»

«መለየት» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው።

«መለየት አልቻለችም። የእሷ እናት የትኛዋ እንደሆነች አታውቅም። ምክንያቱም ሚሞሪው...»

«ትዝታው።»

«ትዝታው ከእሷ ወጥቷል። ከዚያ ጠባቂዎቹ እየመጡ ነው። አንድ ብቻ ይዛ መውጣት ትችላለች። ወይም ሁሉንም... ሪሊዝ...»

«መልቀቅ።»

«ሁሉንም ብትለቅ ለሁሉም ሰው የየራሱ ይመለሳል። የእሷ ግን ማሽኑ ውስጥ ይጠፋል፤ ቢኮዝ የእሷ ኒውራል ኢምፕላንት...» አባቷን አየቻቸው።

«እሱን እንዳለ ተይው» አሉ ጋሼ።

እንዲህ እያሉ ጨረሱት። እሷ ትጀምራለች፣ የጎደለውን ቃል እሳቸው ያቀብላሉ። ልጅቷ ሁሉንም ትለቃለች። በመላው ከተማ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ የእናቱን ድምፅ ይሰማል፤ እሷ ብቻ በዝናብ ውስጥ በዝምታ ትሄዳለች። ሜሮን ስትጨርስ አስተናጋጇ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። እኔም ጠረግሁ፤ ሽርጥ ስለሌለኝ በእጄ።

«አይሆንም» አሉ ጋሼ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«እናቷ ስትጠራት መለየት አልቻለችም የሚለው። ውሸት ነው። ሰው የእናቱን ድምፅ ጆሮው ቢረሳው ጀርባው ያውቀዋል። ዞር ትላለች!»

«አባዬ፣ ሸጣዋለች! ዛት ኢዝ ዘ ፖይንት!»

«ሽያጩ ፈርሷል» አሉ ሐጂ ኑሪ። «ተቸግራ የሸጠችውን እኔ ብሆን እመልስላት ነበር።»

«ሐጂ፣ ኩባንያ እኮ ነው!» አለች ሜሮን።

«ደራሲው እናት የለውም እንዴ?» አሉ ጋሼ። «አንድ ብቻ ከሆነ ማንሳት የምትችለው፣ ዓይኗን ጨፍና ስትሄድ እጇ ራሱ ይወስዳታል።»

«እና የሌሎቹስ ልጆች? ለእነሱ ማን ያስብላቸው?»

ጋሼ ተረትተው ደስ ሲላቸው ያየሁበት ቀን ነው። ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ክርክሩ መብራት መጥቶ፣ ፊልሙ አልቆ፣ ኳሱ ተመልሶ፣ ሐጂ ኑሪ ሽሯቸውን በልተው ኢስሊ ሄደውም አላለቀም። ጠረጴዛ ስንጠርግ፣ ወንበር ስናነሳ እነሱ እዚያው ናቸው።

ዝናቡ ሲያባራ ጋሼ ቁልፋቸውን አነሱ። «እኔ አደርስሃለሁ፣ እስከ ቲካ መንገድ ድረስ» አሉኝ። ተከተልኳቸው። በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ሌላ አለሽ? እንዲህ ያለ?»

«ብዙ» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ማየት እንችላለን።»

«ቅዳሜማ ቦርዲንግ ትሆኛለሽ» አሉ። አልተቆጡም፤ ወደ መንገዱ እያዩ ነው የተናገሩት።

ሜሮን የጫማዋን ጫፍ ያቆረው ውኃ ላይ አሽከረከረች። «ኔክስት ተርም ላስብበት» አለች። ቀጥላም «ግን አባዬ፣ ስለ እጇ ያልከው ሜክስ ኖ ሴንስ።»

«እንዴት ሴንስ አይሰጥም! ስሚ እንግዲህ...» ብለው መኪናውን ከፈቱ። እሷ ከፊት ገባች። እኔ የኋላውን በር ልከፍት እጄን ስዘረጋ መኪናው ተንቀሳቀሰ። «ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም። አርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ላይ ሲታጠፉ በመስኮቱ አየኋቸው። የሁለቱም አፍ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ማን ማንን እየሰማ እንደነበር አላውቅም።